ሚያዝያ 12ን ከማን ጋር እናስብ?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ቆቦ ላይ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ ሚያዝያ 12ን ልናስብ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ብንጠራ ዲናችን ይፈቅዳል? ‹የኛን ጉዳይ ከእነርሱ ጋር ምን አገናኘው?› የሚሉን አሉ።»

ጉዳዩንስ ያገናኘው ቀኑ ራሱ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መቶ ሺህ ያህል ተብሎ የተገመተ ሕዝብ ለሙስሊሙ እኩልነት አደባባይ ወጣ። ያኔ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እንባል ነበር፤ በገዛ አገራችን እንግዶች! ዒዶቻችንም ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም ከእኛ ጋር ተሰልፈዋል። ዒድ ለእነርሱ ምናቸው ነበር? ዙልም ይቅር ብለው ወጡ እንጂ ከኛ ጋር ሊሰግዱ አልወጡም።

ስለ ነጃሺ ውለታ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ሒልፈል ፉዱልን ግን እናስታውስ። ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ መካ ላይ ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸቀጥ ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። የቁረይሽ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው የተበደለን ሁሉ ሊረዱ ቃል ተጋቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው እዚያ ተገኝተዋል። ቃል የተጋቡት ሙሽሪኮች ነበሩ። እርሳቸው ግን ከነቢይነት በኋላም ለእንዲህ ያለው ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

የራያ ሰውስ ይህን ከኪታብ ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? ደም ሲፈላለጉ ዘወልድ ይቀመጣል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጎን ለጎን ሆነው ያስታርቃሉ። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፤ ወጡም ለየብቻ ይሠራል። ዳሱ ግን አንድ ነው። አባቶቻችን ድንበሩን አልረሱም፤ ድንበሩን ግን የግንብ አጥር አላደረጉትም።

የሚፈሩትንም ወንድሞች አልነቅፍም። አንዳንዱ ስብሰባ በመብት ጀምሮ በጋራ ዒባዳ ያበቃል። እዚያ ላይ ሳናፍር እንቀራለን፤ ሱረቱል ካፊሩን ግልጽ ነች። በዲን ላልተዋጉን መልካም መዋልና ፍትሕ ማድረግን ግን አላህ (ሱ.ወ.) እንዳልከለከለን በሱረቱል ሙምተሒናህ 8ኛ አንቀጽ ነግሮናል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ልጁን መልሼ ጠየቅሁት፦ «ክርስቲያን ጎረቤትህ መሬቱን ቢቀማ አብረኸው ወረዳ ትሄዳለህ?»

አቀርቅሮ ቆየ። «ማንም ጠርቶኝ አያውቅም» አለኝ።

«እንግዲያው ስትጠራቸው የእነርሱንም በደል ይዘው ይምጡ በላቸው» አልኩት።

«ኡስታዝ፣ እንደዚያማ ከሆነ ስብሰባው እስከ መግሪብ አያልቅም!» ብሎ ሳቀ።

መግሪብን ሰግዳችሁ ትቀጥላላችሁ አልኩት።

ወላሁ አዕለም።