ለራይመር መልስ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እንግሊዛዊው ሐያሲ ቶማስ ራይመር ስለ ሼክስፒር ተውኔት «ኦቴሎ» የጻፈውን አንብባችሁ ደማችሁ ቢፈላ አልፈርድባችሁም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1693 ባሳተመው ሂሱ ሼክስፒርን የሚከሰው ጥቁር ሰው የቬኒስ ጦር አዛዥ በማድረጉ ነው፤ በእሱ ቤት ጥቁር ቢበዛ ቢበዛ መለከት ነፊ ነው። ከተውኔቱ የሚገኘውም ትምህርት የጨዋ ልጆች ከጥቁር ጋር እንዳይኮበልሉ፣ ሚስቶችም መሀረባቸውን እንዲጠብቁ ነው ብሎ ተሳልቋል። ተውኔቱን በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ያወቀ ወጣት ይህን አንብቦ ብዕሩን ቢመዝ ምን ይደንቃል?

ምዘዙት። ግን መጀመሪያ ኦቴሎን በተንኮል ስለሚያሳስተው ወታደር ስለ ኢያጎ ያለውንም እዩልኝ። ወታደር ማለት ግልጽና ቅን ነው፣ እንዴት ተንኮለኛ ሆኖ ይጻፋል ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ክሶች ከአንድ በሽታ የመጡ ናቸው፤ መድረክ ላይ የቆመውን ሰው ትቶ ስለ ወገኑ በልቡ ከያዘው ግምት ጋር ይሟገታል። እናንተም «የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ከዚህ ሌላ ምን ይጽፋል!» ብላችሁ ከተነሣችሁ በራሱ ሚዛን መዘናችሁት ማለት ነው። ያ እንዲሆን አልፈልግም።

መልሱ ተውኔቱ ውስጥ አለላችሁ። ራይመር በኦቴሎ ቀለም ላይ የሰነዘረውን የኦቴሎ ሚስት የዴዝዴሞና አባት ብራባንሺዮ በመጀመሪያው ገቢር ብሎታል። ሼክስፒር፣ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1604 በቤተ መንግሥት ሲታይ፣ ይህን ንቀት በገጸ ባሕርያቱ አፍ አስገብቶ ለተመልካች ፍርድ አቅርቦት ነበር። ሐያሲው ዳኛ ነኝ ሲል ከተከሳሾቹ አንዱን ሆኖ ተናገረ።

መሀረቡን ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉት። ዴዝዴሞና ጣለችው፣ ኤሚሊያ አንሥታ ለባሏ ለኢያጎ ሰጠች፣ እሱ በኦቴሎ ምክትል በካሲዮ ክፍል ወረወረው፣ ካሲዮ ጥልፉን ቅጂልኝ ብሎ ለወዳጁ ለቢያንካ ሰጣት። ኦቴሎ በሦስተኛው ገቢር ግብፃዊት አስማተኛ ለእናቴ የሰጠቻት ነው ይላል፤ በአምስተኛው አባቴ ለእናቴ የሰጣት ነው ይላል። ለአንድ ጨርቅ ይህ ሁሉ ግርግር ምንድን ነው ለሚለው ራይመር እኔ የምመልሰው፣ ጨርቁ በእጃቸው ካለፈባቸው ሰዎች ሁለቱ እንኳ ተቀምጠው በግልጽ ቢነጋገሩ የኢያጎ ተንኮል እዚያው ይፈርስ ነበር ብዬ ነው። ተውኔቱን አንጀት የሚበላ ያደረገውም ይኸው ነው።

አንድ ከባድ የራይመር ጥያቄ ይቀራል። ባልና ሚስቱ ቆጵሮስ በደረሱ በሁለተኛው ሌሊት ኦቴሎ ሚስቱን ይገድላል፤ ታዲያ የምትማግጥበት ጊዜ መቼ ተገኘ? ገቢሮቹን ቁጠሩ፣ ልክ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ሐያስያን በተውኔቱ ሁለት ዓይነት ጊዜ አብሮ ይሄዳል እያሉ ብዙ ደክመውበታል። ቲ. ኤስ. ኤሊየትም ስለ «ሃምሌት» በጻፈው መጣጥፍ ግርጌ፣ ለራይመር ተቃውሞዎች አጥጋቢ ማስተባበያ እንዳላየ ጽፏል። ስለዚህ በንዴት እንዳትዘሉት፤ ከቻላችሁ መልሱለት፣ ካልቻላችሁ ራይመር እዚህ ላይ በትክክል አይቷል ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።