ለከተራ ስትወጡ ቤቱን ለማን ሰጣችሁ?

ልጆቼ፣ ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ የጎንደር ሰፈሮች ምን እንደሚመስሉ ታውቁታላችሁ። ታቦታቱ ከየደብሩ ተነሥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከደባርቅና ከዳባት የመጣው እንግዳ ሁሉ እየዘመረና እያጨበጨበ ተከትሏቸው ይወርዳል። ያን ጊዜ ከማራኪ እስከ ቸቸላ በር ብታንኳኩ «ማን ነው?» የሚላችሁ ላይኖር ይችላል። ይህንን ሌባውም ያውቃል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህማ ቤታችን ባዶ የሚሆንበትን ቀንና ሰዓት ዓለም ሁሉ አውቆልናል።

ጎጆ የወጣ ወጣት ስለ ሌባ ሲነሣ ወዲያው የሚያወራው ስለ ጓጉንቸር ነው። እጅ የሚሞላ ጓጉንቸር ገዝቶ በሳሳ ላሜራ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሌባ ግን ከጓጉንቸሩ ጋር ምን አታገለው? ማንጠልጠያውን በፌሮ ፈንቅሎ ጓጉንቸሩን እንደተቆለፈ መሬት ላይ ጥሎላችሁ ይገባል። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ለበያጁ አውጡት፤ ማንጠልጠያው ወፍራም ብረት ይሁን፣ ብሎን ካለውም ከውጭ የሚፈታ አይሁን። ደግሞም ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ለአላፊ አግዳሚው «ሰው የለም» እያለ ይናገራልና፣ የግቢው በር ከውስጥ የሚቆለፍ ቢሆን እመርጣለሁ። በጓሮ በኩል ያለውን መስኮትም እዩት፤ ፊት ለፊቱን አሳምሮ ጓሮውን የሚረሳ ብዙ ነው። ቁልፍ ከድንጋይ ሥር ወይም በአጥር ስንጥቅ አትሸጉጡ። የሌባውም እናት የምትሸጉጠው እዚያው ነበር።

ሌባ ቤት የሚመርጠው በበዓሉ ዕለት አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። የማታውቁት ሰው አንኳኩቶ «የእከሌ ቤት እዚህ ነው?» ቢላችሁ በትሕትና መልሱለት፣ መልኩንም ያዙት። መንገደኛ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንግዳ በክፉ ዓይን የሚታይበት አገር አልወለደንም። ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ለጎረቤት ንገሩ። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ቴሌቪዥን ቢያመጣላችሁ ካርቶኑን ደጅ ላይ አትጣሉት። ስልክ የያዛችሁትማ ከጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቆማችሁ «ከነቤተሰቤ» እያላችሁ በቀጥታ ታስተላልፋላችሁ። ፎቶውን ቤት ስትገቡ ብትለጥፉት በረከቱ አይቀንስም።

ደጋ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በወገራም ሆነ በዳባት ሌባ የሚፈልገው በሬና በግ፣ ገና ከአውድማ የገባ እህል ነው። እረኛውም ልጅ ስለሆነ ታቦት ተከትሎ መሄዱ አይቀርም፤ ከብቱን ማን እንደሚያይ አስቀድሞ መወሰን የአባወራው ፋንታ ነው።

የዚህ አገር ሰው ጥንት ቤቱን በምን ይጠብቅ እንደነበር ልንገራችሁ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲዘረፍ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ሰውን ሁሉ ሰብስበው ያስምላሉ፤ ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ በሽማግሌ ጆሮ ይናገራል፤ ጠቋሚውም «ወፍ» ይባላል። ሌባው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። እኔ ከአውጫጭኝ ሁሉ የምወደው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ንጹሕ ሰው ለቀናት ሲጉላላ፣ ጥለኛም በጥለኛው ላይ ሲጠቁም ይውል ነበርና እንዳለ ይመለስ አልልም። ነገር ግን የጎረቤቱ በሬ ሲጠፋ ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው፣ በሌሊት ውሻ ሲጮኽ ተነሥቶ ይወጣል። ዛሬ ውሻ ሲጮኽ ብርድ ልብሳችንን ነው የምንስበው።

ከተማ ውስጥ ለዚህ ቅርቡ ዕድር ነው። ዕድርተኞች ለቀብር ድንኳን ሲተክሉ ማን ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠፋውም፤ ለበዓሉ ሰሞንም እንደዚያው ተነጋገሩ። ደግሞ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በዓሉ የሦስት ቀን ነው። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀቱ ጥር 11፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ የሚመለሰው ጥር 12። አንዱ ቤት ከተራን ቢቀር በማግስቱ ይወርዳል፤ ሌላው ጥምቀቱን ቢቀር ሚካኤልን ይሸኛል። ከየቤቱ አንድ ሰው ይቅር አልልም፤ ከአምስት ከስድስት ቤት አንድ ነቃ ያለ ሰው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ቢቀመጥ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ አዳናት ይባላል። ለእኛ ቤት ንብ አይላክልንም።

አንድ የማልስማማበት ተረት አለ፦ «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» ይጠየቃል እንጂ! ሌባ ብትይዙ ለፖሊስ አስረክቡ። በሰፈር ዱላ ሰው ሲሞት ንብረቱ የጠፋበት ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ወኅኒ ይወርዳል። ተዘርፋችሁም ከሆነ ፖሊስ እስኪመጣ ዕቃ አታንሡ፣ በሩንም አትነካኩ። ስለ ገበያውም ልጨምር፤ ከበዓሉ ማግሥት ደረሰኝ የሌለው ስልክ በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ሌባ እየቀለበ ነው፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግም ያስጠይቃል።

እንግዲህ ከተራ ሳይደርስ አንድ ማታ ቡና አፍሉና የግራና የቀኝ ጎረቤታችሁን ጥሩ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚቀር እዚያው ተነጋገሩ፤ ስልክ ተለዋወጡ፤ የፖሊስ ጣቢያውንም ቁጥር ያዙ። ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዳትረሱት። ለበዓል አገሩ ካልሄደ ግቢው ውስጥ የሚገኘው እሱ ነውና፣ ከቡናው ላይ ጥሩት፣ ተራ ሲወጣም ስሙን አስገቡ፣ የበዓሉንም ምሳ አስቀምጡለት።