ነፋሱ የማንም ነው፤ ዳርቻውስ?

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ገና ከመነሻው መናገሬ ከዚህ በታች ስለ ባሕር ብዙ ስለምቀባጥር፣ አንባቢዬ ኋላ ላይ «ይሄ ሰውዬ የት ያየውን ነው?» ብሎ እንዳይታዘበኝ ነው። የማውቀው ከካርታና ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። ጂኦግራፊ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ አብሮ አደጌ ነው። እኔና እሱ በአንድ መንደር ጭቃ አቡክተን ነው ያደግነው። እሱ ዛሬ ስዊድን አገር ይሠራል። ባለፈው ጊዜ ጽፎልኝ «ፈቃዴ የሚወጣው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ ሞቃቱ አገር ሁሉ ሞንሱን ነው ይሉኛል። አንተ የነፋስ ትምህርት ተምረሃል አይደል? ካይት የምነዳበት አንድ ጥሩ ዳርቻ ምረጥልኝ» አለኝ። እኔም ኮራሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማርኩት ትምህርት ለሰው ሊጠቅም ነው!

ካይት የሚለው ልጆች በወረቀትና በሸንበቆ ሠርተው ከሚያበሩት ጋር ዘሩ አንድ ቢሆንም ሌላ ነገር ነው። ሰውየው እግሩን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ያኖራል። ከወገቡ ጋር የተያያዙ፣ ከሃያ ሜትር በላይ የሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ሰማይ ላይ አንድ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ይይዛሉ። ነፋሱ ክንፉን ይስባል፤ ክንፉ ሰውየውን፤ ሰውየውም ውሃው ላይ እንደ ፈረሰኛ ይጋልባል። ክንፉ ውሃ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰጥምና መልሶ እንዲነሣ በአየር የሚነፋ አድርገው የሠሩት ለጋኙ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ናቸው። የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እኛ ያንን ዓመት በምን እንደምናስታውሰው ለዚህች መጽሔት አንባቢ አልነግርም።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሞንሱን ሲባል ብዙ ሰው ዝናብ ይመስለዋል። ቃሉ ግን ከዐረብኛው «መውሲም» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወቅት ማለት ነው። መርከበኛ የሚያውቀው የነፋስ ወቅት ነው። በበጋቸው የእስያ ምድር ሲግል አየሩ ይሳሳል፤ ከምድር ወገብ ደቡብ ያለው ነፋስ ወገቡን ተሻግሮ ወደዚያ ይጎርፋል፤ ሲሻገርም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትሎ የሚያልፈውን ጠባብና ብርቱ የነፋስ ጅረት ፊንድሌተር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በደንብ ገልጾታል። የእኛም ክረምት ከዚሁ ታላቅ የነፋስ ዝውውር ጋር የተሳሰረ ነው። የጥንቱ የአዱሊስ ነጋዴም መርከቡን የሚጭነውና የሚያራግፈው ይህንኑ ነፋስ እየጠበቀ ነበር። እንግዲህ እኔ በሐምሌ ከዶርሙ እስከ ካፌው ድረስ ማስታወሻ ደብተሬን ራሴ ላይ ደፍቼ ስሮጥ፣ እዚያ ታች አብሮ አደጌ በዚያው ወቅት ነፋስ ሊጋልብ ነው። ቅናት? አዎን፣ ትንሽ ነበረኝ።

ለካይት የሚሆን ዳርቻ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ25 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳይቆራረጥ መንፈስ አለበት። የነጎድጓድ ዝናብ ፊት ፊቱን የሚነዳው ድንገተኛ ነፋስ አይሆንም፤ ሰውን ከነክንፉ አንሥቶ ይወረውራል። ሁለተኛ፣ አቅጣጫው ነው። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ የደከመውን ይዞት ይሄዳል። ከባሕር ቀጥ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከዛፍና ከቤት ጋር ያላትመዋል። የሚፈለገው ዳርቻውን ተከትሎ ወይም አጋድሞ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው የውሃው ጠባይ ነው።

ስለዚህ ካርታዬን ዘረጋሁ። የስሪላንካው ካልፒቲያ ጥሩ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ዝናቡን በአብዛኛው በደቡብ ምዕራብ ጠረፍና በመካከለኛው ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ያወርደውና ለሰሜን ምዕራቡ የሚተርፈው በብዛት ነፋሱ ነው። የፊሊፒንሱ ቦራካይ ስሙ የገነነ ነው፤ ግን ዋናው የካይት ዳርቻው ቡላቦግ የሚሠራው በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ነው፤ እሱም ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ደግሞም ያቺ ደሴት በእንግዳ ብዛትና በፍሳሽ ተበላሽታ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ለስድስት ወር ዘግቷት ነበር። ዳርቻም እንደ ሸሚዝ በመልበስ ብዛት ያልቃል ማለት ነው።

በመጨረሻ ዛንዚባርን መረጥሁ፤ ከደሴቲቱም ደቡብ ምሥራቁን፣ ፓጄን። ከሰኔ እስከ መስከረም «ኩሲ» የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ይመጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ «ካስካዚ» ከሰሜን። የዐረብና የሕንድ ጀልባዎች በአንዱ መጥተው በሌላው ሲመለሱ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ትልቁ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ገደማ አልፎ ይሄዳል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል አጥር አለ፤ ማዕበሉን ይሰብራል፤ በአጥሩና በአሸዋው መካከል የተኛው ውሃ ጸጥ ያለ፣ ባሕሩ ሲጎድል ከወገብ የማያልፍ ነው። ነፋሱ አጋድሞ ወደ ዳርቻው ይመጣል። ከዚህ የተሻለ ለጀማሪ ከየት ይገኛል! ጽፌ ጨረስኩና ለመላክ ተነሣሁ።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። የባዮሎጂ ተማሪ የሆነች ጓደኛችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካርታዬን አየችና «ፓጄ? የምዋኒዎቹ አገር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ምዋኒ ምንድን ነው?» አልኳት። «ጉድ ነው! ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ፓጄ ጽፈህ ምዋኒን አታውቅም?» አለች። አፈርኩ።

ምዋኒ በስዋሂሊ የባሕር ሣር ነው። ከፊሊፒንስ በመጣ ዘር እርሻው በዚያ ጠረፍ ለንግድ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሚያርሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ባሕሩ በዚያ አገር በሙላትና በጉድለት መካከል አንዳንዴ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ጎድሎ ወደ አጥሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ፤ አሸዋው ላይ የእንጨት ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱ ላይ የሣሩን ቁራጭ እየቋጠሩ ያስራሉ። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ያጭዱና ተሸክመው ወጥተው ያደርቁታል። ከእሱ የሚወጣው ካራጂናን የሚባል ነገር የጥርስ ሳሙና ውስጥ፣ አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ማለትም እኔና አንተ ዛሬ ጧት አፋችንን ስንጉመጠመጥ ከነዚያ ሴቶች ጉልበት ጥቂቱን ተፍተን ይሆናል።

ያ እርሻ ያለው የት ነው? እኔ «ጸጥ ያለ፣ ባሕሩ ሲጎድል ከወገብ የማያልፍ» ብዬ ባሞገስኩት ውሃ ውስጥ ነው! ለሣሩ የሚስማማው ጠባይ ለካይቱም የሚስማማው ጠባይ ነው። አንዱ ሲመርጥ የሌላውን ነው የሚመርጠው።

ማታ ዶርም ውስጥ ነገሩን አነሣሁት። አንድ የሕግ ተማሪ አለ፤ ብዙ ዓመት አስተምሮ የመጣ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አልጋው ላይ እንደተጋደመ «ይህ እኮ የቆየ ክርክር ነው» አለ። «በዩስቲንያኖስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ533 በወጣው የሮማ የሕግ መጽሐፍ አየር፣ ወራጅ ውሃ፣ ባሕር፣ ከባሕርም ጋር ዳርቻው በተፈጥሮ ሕግ የሁሉ ነው ይላል።»

«በቃ!» አልኩ። «ነፋሱም ዳርቻውም የሁሉ ከሆነ የኔ ጓደኛ ምን በደለ?»

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል» አለ። «ያው መጽሐፍ ዝቅ ብሎ ዓሣ አጥማጁ ዳርቻው ላይ ጎጆ ሊቀልስና መረቡን ሊያደርቅ ይችላል ይላል። የሁሉ ሲል ማንም እንደ ፈቀደ ይፈንጭበት ማለቱ ነው ወይስ ሁሉም ይኑርበት ማለቱ ነው? ይሄን ፍታልኝ።»

እኔ ያን ሌሊት አልፈታሁትም። አሁንም ሙሉ በሙሉ ፈታሁት አልልም። ግን ሁለት ነገር ታይቶኛል።

የመጀመሪያው፣ ነፋስ ብትጋልበው አያልቅም። ጓደኛዬ ጋልቦበት ሲያልፍ ከኋላው ላለው ሰው ያው ሙሉው ነፋስ ይደርሰዋል። ስለዚህ ነፋሱን በተመለከተ ኀሊናዬ ንጹሕ ነው። ውሃው ግን ሌላ ነው። ሰሌዳ ያለፈበት ገመድ ይበጠሳል፤ ችካል ያልታየው ሰው እግሩን ይወጋል፣ ከዚያም «ይህ ችካል ይነሣ» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ የሁሉ የነበረው የባለ ካይቱ ሆነ። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ የጋራ የሆነው ነገር የአንድ ሰው የሚሆነው ሰውየው ጉልበቱን ሲቀላቅልበት ነው፤ ይህም ለሌላው የሚበቃና ያንኑ ያህል ጥሩ ሲተርፍ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን እንኳ ቢመዘን ውሃው ላይ ጉልበታቸውን የቀላቀሉት ሴቶቹ ናቸው። እኛ የቀላቀልነው የአውሮፕላን ትኬት ነው።

ሁለተኛው ከሎክ ሳይሆን ከአገሬ ሰው የተማርኩት ነው። በኛ መንደር ሰብሉ ከማሳ እስኪነሣ ድረስ ከብቱን ሰው ማሳ ያስገባ ሰው ካሳ ይከፍላል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ሰብሉ ተነሥቶ ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ ግን ያው ማሳ ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት ነው፤ ገለባውን የኔ ነው የሚል አይከበርም። የመንዞቹ ጓሳም ለዓመታት ተከብሮ ተዘግቶ ኖሮ በተቀጠረለት ጊዜ ለሣር አጫጁ ይከፈት ነበር። አንድ መሬት በወቅቱ የግል፣ በወቅቱ የጋራ ይሆናል። ባሕርም በየስድስት ሰዓቱ ሲመጣና ሲሄድ የሚውል ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ሥርዓት የተመቸ ይመስላል። ሴቶቹ የሚሠሩት ሲጎድል ነው፤ ካይት ሲሞላ መንዳት ይቻላል። ይህን ሳስብ ጮቤ ረገጥሁ፤ ለባዮሎጂዋ ልጅ ሮጬ ነገርኳት።

«ሴቶቹ ሲወጡ እርሻው አብሯቸው ይወጣል?» አለችኝ።

አይወጣም። ችካሉም ገመዱም ሣሩም ከውሃው በታች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የማሳው ምሳሌ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ሰብሉ ሳይነሣ ነው ከብቱ የተለቀቀው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን «ካይት የሚባል ነገር የቡርዧ ቅብጠት ነው፤ ጓደኛህ ቤቱ ይቀመጥ» የሚል አለ። ዶርማችን ውስጥም አልጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ዓመት ሙሉ በብርድ አገር ሲለፋ ከርሞ አንድ ሳምንት ውሃ ላይ ቢጋልብ ወንጀል አይደለም። ደስታን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ኀሊና ከመንቃቱ መድረቁ ይብሳል። ሌላም አለ። ባለ ካይቱ ቀርቶ ቢሄድ ሴቶቹ ይከብራሉ ወይ? ገዢው ለምዋኒው የሚከፍላቸው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ዋጋው የሚሻለው ዝርያ ደግሞ ውሃው እየሞቀ ሲመጣ እየሞተ በብዙ ቦታ ጠፍቷል። ያንን ያመጣው ካይት አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ካይት አስተማሪ ሆነው ደመወዝ ይበላሉ፤ ምናልባት የአንዷ የምዋኒ ገበሬ ልጅ ይሆናል። እናትየዋና ልጅየው አንድ ውሃ ላይ በሁለት ሐሳብ ቆመዋል ማለት ነው። ይህን ከአዲስ አበባ ሆኜ በአንድ ቃል እፈርድበታለሁ ብል ውሸታም ነኝ።

የማልጠራጠርበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የገባኝም በመጨረሻ ነው። ነፋስ ወደ ጥልቁ ይዞት የሄደን ሰው የሚያመጣው ማነው? በአንዳንድ ዳርቻዎች የአደጋ ጀልባ የለም። በካልፒቲያም ይሁን በዛንዚባር ቅርብ ያለው ጀልባ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ባሕሩ ከፍቷል ብሎ ጀልባውን አሸዋ ላይ ጎትቶ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ልጆች ያሉት ሰውዬ፣ አንድ የማያውቀው ሰው ሲንሳፈፍ አይቶ ዝም አይልም። ይነሣል። እኔ «በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ ጥሩ ነው» ብዬ ስመርጥ ያንንም ሰውዬ ሳላማክረው መርጬዋለሁ። በዝርዝሬ ውስጥ ነፋስ አለ፣ አቅጣጫ አለ፣ ውሃ አለ፤ ሰው አልነበረም። ጥፋቴ ፓጄን መምረጤ ሳይሆን ባዶ አገር አድርጌ መምረጤ ነው።

የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ነፋሱንና ወራቱን እንዳለ ተውኩለት። ከሥሩ ግን ጨመርኩ፦ ከመግባትህ በፊት ባሕሩ ሲጎድል በእግርህ ውረድና ችካሎቹ የት ድረስ እንደሆኑ እያቸው። ሴቶቹን ሰላም በላቸው፤ ፎቶ አታንሣቸው። ገመድ ብትበጥስ ተመልሰህ የማን እንደሆነ ጠይቅና ክፈል። የደመና ግንብ ካየህ አትግባ። ከባሕር የሚያወጣህን ሰው ስሙን አስቀድመህ እወቅ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «ወንድሜ፣ የሽርሽር ቦታ ብጠይቅህ የንስሐ መጽሐፍ ላክህልኝ» ይላል። ሳቅሁ፤ ትንሽም ተናደድኩ። ከታች ግን በሌላ ቀለም፣ የረሳውን እንዳስታወሰ ሰው አንድ መስመር አክሏል፦ «ለመሆኑ በሐምሌ ባሕሩ የሚጎድለው በስንት ሰዓት ነው?»

ይህ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ የሚሄድ፣ ጨረቃዋን የሚከተል ነገር ነው። ሠንጠረዥ እየሠራሁለት ነው።