ቅጥረኛው ወታደርና የማይለቀስላቸው ሟቾች

ከሥራ በኋላ ፊልም አይቶ መዝናናት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይሁን እንጂ ክርስቲያን ዐይኑ የወደደውን ነገር በኅሊናው ሊመረምር ይገባዋል። ወጣቶቻችን ከሚወዷቸው ፊልሞች ብዙዎቹ ታሪካቸው አንድ ነው፤ የቀድሞ ወታደር በገንዘብ ይቀጠራል፣ ወደ ሩቅ አገር ይዘምታል፣ ቀጣሪው ይከዳዋል፣ እርሱም ይበቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ዘ ዋይልድ ጊስ» የተሰኘው ፊልም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ቅጥረኞቹ ከሥልጣን የወረደ አንድ አፍሪካዊ መሪ ለማስፈታት ይላካሉ፤ በጦር ሰፈሩ የተኙትን አፍሪካውያን ወታደሮችም በእንቅልፋቸው ሳሉ በመርዝ ይፈጇቸዋል። በመጨረሻ የቅጥረኞቹ አዛዥ የሟች ጓደኛውን ልጅ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ይጎበኘዋል። ነገሩ ልብ ይነካል። ነገር ግን በመኝታቸው የሞቱት ሰዎች ልጆችስ? ፊልሙ አባቶቻቸውን በስም እንኳ አይጠራቸውም።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ሞቱን አይተን ልቅሶውን ሳናይ ብንደሰት በኅሊናችን ላይ ምን ይደርሳል? እኛ የጋምቤላ ሰዎች መልሱን እናውቃለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው በክልላችን ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ። ከእነዚህ መካከል ስም ያልነበረው፣ ወላጅ ያልነበረው ማን ነው?

እንዲህ ስንል ወታደርነትን ሁሉ መኰነናችን አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም። ወታደር በሕግና በሕዝብ ፊት ተጠያቂ ነው፤ ቅጥረኛ ግን የሚታዘዘው ለከፋዩ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1977 በሊብረቪል ባጸደቀው ስምምነት ቅጥረኛ ወታደርነትን ወንጀል ብሎታል። በአገራችንም በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል። መሣሪያውን አስረክቦ ማረሻ የጨበጠ ሰው ታሪኩ በፊልም ባይወጣም፣ ጀግንነቱ ከቅጥረኛው ይበልጣል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወጣቶችን ከመቈጣት ይልቅ አብረዋቸው ቢቀመጡና ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ቢጠይቋቸው መልካም ነው፦ እነዚያ የወደቁት የማን ልጆች ነበሩ? ይህን መጠየቅ የለመደ ወጣት፣ ነገ በእጁ ገንዘብና ጠመንጃ ሊያኖር የሚመጣ ሰው ቢያጋጥመው፣ ያንኑ ጥያቄ ያስታውሳል።