ደረቴ ሲጠብ ኢማኔ ጎድሎ ነው?

 

የዛሬው ማስታወሻ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ጥያቄው በተለያየ ቃል ይመጣል። አንዱ «ሌሊት ያለ ምክንያት ልቤ ይመታል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ ቁርኣን እየቀራሁ እንኳ አይለቀኝም» ይላል። አንዷ «ዉዱእ ላይ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ፤ ያጠብኩት እጅ የታጠበ አይመስለኝም» ትላለች። ሌላው ሰው ሲሰበሰብ ላብ ስለሚያጠምቀው መስጊድ መሄድ ፈርቷል። መጨረሻው ግን አንድ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ይህ የኢማኔ ድክመት ነው?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጭንቀት ስለያዛችሁ ብቻ ኢማናችሁ ጎድሏል ማለት አይደለም። «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብሎ የሚፈርድባችሁ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ተናግሯል። በልብ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የምንኖርበትን አገር እንመልከት። ጎንደርና የሰሜኑ ደጋ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፉ ታውቃላችሁ። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ዳባት አካባቢ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በሚያዝያ 2014፣ በተከበረው የረመዷን ወር፣ እዚሁ ጎንደር ከተማ ቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ በደረሰው ጥቃት ወገኖቻችንን አጥተናል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የኢንተርኔት መቋረጥ መጣ። ጃናሞራና በየዳን ድርቅ መታቸው። በዚህ ሁሉ ላይ ትምህርቱ አለ፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ የቤተሰባቸውን ተስፋ ይዘው ወደ ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው።

በዚህ ውስጥ ያደገ ወጣት በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥር አደጋ ሲመጣ የሚነቃ አድርጎ ነው የፈጠረው። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ እንድንሸሽ ወይም ራሳችንን እንድንከላከል። ይህ ኒዕማ ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው አልፎ ሰውነት አልረጋ ሲል ነው። ድንጋጤው ለሳምንታትና ለወራት ቆይቶ እንቅልፍን፣ ጥናትን፣ ሥራን፣ ዒባዳን ሲያውክ ሕመም ሆኗል። እንደ ጨጓራ፣ እንደ አስም ሐኪም የሚያየው ሕመም።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ፍርሃትና ሐዘን የኢማን ጉድለት ምልክት ቢሆኑ ኖሮ ነቢያት ዘንድ ባላገኘናቸው ነበር። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ ደረታቸው እንደሚጠብ፣ ምላሳቸው እንደማይፈታ ለጌታቸው ነገሩ፤ ወንድማቸው ሃሩን እንዲታከልላቸውም ለመኑ። አላህም ወንድማቸውን ረዳት አደረገላቸው። መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ በያዛቸው ሰዓት ከዚያ በፊት ሞቼ በሆነ ብለው ተመኙ። የመጣላቸው መልስ ምን ነበር? ከእግራቸው ሥር የሚፈስ ውሃ፣ የበሰለ ተምር፣ ከሰው ጋር ከመነጋገርም እረፍት። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ። ልጆቻቸው ሲወቅሷቸው ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ እንደሆነ መለሱ፤ ማልቀሳቸው ግን ከሰብር ዝርዝር አላስወጣቸውም።

ከሁሉ በላይ የሒራእ ዋሻን ሌሊት አስቡ። ወሕይ መጀመሪያ ሲወርድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ እንዲያለብሷቸውም ጠየቁ። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ያደረጉትን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ አለበሷቸው፤ ፍርሃቱ እስኪለቃቸው ድረስ። ቀጥሎ ሲነግሯቸው አደመጡ። ከዚያ መልካም ሥራቸውን አንድ በአንድ አስታወሷቸው፦ ዝምድና መቀጠላቸውን፣ ደካማን መርዳታቸውን፣ እንግዳ መቀበላቸውን። በመጨረሻም ጉዳዩን ወደሚያውቅ ሰው፣ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል፣ ወሰዷቸው። ተግሣጽ የለም፣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ቁጣ የለም። ማልበስ፣ ማድመጥ፣ በጎውን ማስታወስ፣ አዋቂ ጋ መውሰድ። የተጨነቀ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ ሱናው ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ልብ በዚክር ይረጋል ተብሎ የለም ወይ? እኔ ዚክር እያደረግሁ ካልረጋሁ አንድ ችግር አለብኝ» ትላላችሁ። አዎ፣ ልብ በአላህ ዚክር ይረጋል፤ ይህ የጌታችን ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን ግን የታመመ ሰው መምቻ ዱላ አናድርገው። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲሰግድ ሶላቱ ሩሑን ያሳርፈዋል፤ አጥንቱን ግን ወጌሻም ሐኪምም ያየዋል። ዚክር ይዞት ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ዚክሩ ከንቱ አልሆነም። እንዲያውም ደረቱ እየጠበበ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ረከዓ የሰገደ ልጅ፣ ተዝናንቶ ሃያ ከሰገደው ያነሰ አጅር አለው ብሎ ማን ይናገራል?

ዑለማዎቻችን እዚህ ላይ ግልጽ መስመር አስምረዋል። ሳይጠራ ወደ ልብ የሚመጣ ሐሳብ አለ፤ ሰው ወዶ የሚሠራው ሥራ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን ይህ ኡመት በነፍሱ ለሚወሰወሰው ነገር፣ እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራበት ድረስ፣ ተምሮለታል። ፍርሃቱ ሲመጣ ፈቃድ አልጠየቃችሁም። የምትጠየቁት ከመጣ በኋላ በእጃችሁ ስላለው ነገር ነው፦ እርዳታ መፈለግ፣ ሶላትን በአቅም መያዝ፣ ራስን አለመጉዳት፣ በጭንቀት ሰበብ ሌላውን አለመበደል። ዉዱእ ላይ ለምትቸገሩትም ፊቅሁ እፎይታ አለው። እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም። ሦስት ጊዜ ካጠባችሁ በቃ፤ ወስዋሱ «አልነጻህም» ቢል አትታዘዙት። መታገሉ ካቃታችሁ ይህም መድኃኒትና የምክር ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

«መድኃኒት መውሰድ ተወኩልን አይነካም?» ለሚሉ፦ ግመሏን ልሰርና ልመካ ወይስ ሳላስር ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው የተሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስሮ እንዲመካ ነው የታዘዘው። ዑመርም (ረ.ዐ) ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሠራዊታቸውን ሲመልሱ ከቀደር እየሸሹ እንደሆነ ተጠየቁ፤ የሚሄዱበትም ቢሆን የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። ሕመሙ ቀደር ነው፣ ሐኪሙም ቀደር ነው።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ወሬ የሚመስላችሁም ካላችሁ ታሪካችንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ ይዘው መድኃኒታቸውን ዘርዝረዋል። አንድ ምክራቸው ዛሬም ይሠራል፦ ሰው ለድንገተኛ የሆድ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ ለነፍሱም በደህናው ቀን መልካም ሐሳቦችን ይሰንቅ፤ ጭንቀት ሲመጣ ያወጣቸዋል። ካይሮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1284 ሱልጣን ቀላዉን ያሠራው ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው፤ ወጪው ከወቅፍ ይሸፈን ነበር።

ኢማም አል-ገዛሊንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1095፣ በባግዳድ ኒዛሚያ የዘመኑን ትልቅ ወንበር ይዘው ሳለ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ለተማሪዎቻቸው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው፣ ምግብ አልወርድ አላቸው። ሐኪሞች ተሰብስበው ነገሩ ከልብ የመጣ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን የምናውቀው ራሳቸው በመጽሐፋቸው ስለጻፉት ነው። ያን ያህል ዓሊም ድካሙን በብዕሩ ከጻፈ፣ እኛ ለእናታችን ለመንገር ለምን እናፍራለን?

የምናፍርበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። «አማኑኤል» የሚለው የአዲስ አበባው ሆስፒታል ስም ለብዙ ዓመታት መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። አንድ ልጅ ሕክምና ጀመረ ከተባለ «ያ ቤት በሽታ አለበት» ተብሎ የእህቱ ትዳር ይበላሻል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ዝም ይላል፣ ልጁም ጨለማ ክፍል ውስጥ ይቀራል። ይህ ዝምታ ሰው እያጠፋ ነው። ሰውን በሕመሙ የሚሳለቅና የሚያገል ሰው በደል እየፈጸመ እንደሆነ ይወቅ፤ ኀፍረቱ የእሱ እንጂ የታመመው አይደለም።

ሌላው «ጂን ነው፣ ሲሕር ነው፣ ቡዳ ነው» የሚለው ፍርድ ነው። ጂንም ሲሕርም ዐይንም መኖራቸውን አንክድም። ግን ደረቱ የጠበበውን ሁሉ ለእነሱ መስጠት ያለ ዕውቀት መናገር ነው። ጭንቀትን ለመንፈስ መስጠት ጎንደር ላይ የቆየ ልማድ ነው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚሁ ተቀምጦ የዛር ነገር ብዙ መዝግቧል። ሸሪዓዊ ሩቅያ ቁርኣንና ዱዓእ ነው፤ በራሳችሁ ላይ ቅሩ፣ እናታችሁም ትቅራላችሁ። መድኃኒት ጣል የሚል፣ የሚደበድብ፣ የሚያስር፣ ብር የሚቆጥር ሰው ካጋጠማችሁ ግን ያ ሩቅያ አይደለም፤ ውጡ።

በተቃራኒው ያለውንም ስሕተት ልንገራችሁ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ሐዘን ሁሉ «ድባቴ»፣ የፈተና ዋዜማ ፍርሃት ሁሉ «አንግዛይቲ» ሆኗል። የሞተባችሁ ሰው ካለ ታለቅሳላችሁ፤ ሕመም አይደለም፣ ራሕመት ነው። ኃጢኣት ሠርቶ ኅሊናው የወቀሰው ሰው የሚያስፈልገው ተውባ ነው። በድል የመጣ ጭንቀትም የሚድነው በደሉ ሲነሳ ነው፤ ደመወዙን የተቀማን ሠራተኛ በጥልቀት ተንፍስ ብለን አንሸኘውም። ራሳችሁን ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አትመርምሩ። ለይቶ የሚነግራችሁ የተማረ ባለሙያ ነው።

እና ምን እናድርግ? ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርት ከተበላሸባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ፣ ወደ ጎንደር ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሁልጊዜ እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሩ፣ «የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የተሰጣችሁን መድኃኒት ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ረመዷን ሲመጣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፤ ለበሽተኛ ሩኽሳ የሰጠው አላህ ነው። ፈጅርን በጀማዓ፣ ጥቂት የእግር መንገድ፣ ከመኝታ በፊት ስልክን ማራቅ፣ የማታ አዝካር፤ እነዚህ ትንሽ ይመስላሉ፣ ግን ይይዛሉ።

ሕይወታችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ያችን ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ። አንድ ሰው ቀስቅሱ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዳችሁ። ይህን ሐሳብ ለሰው መናገር ወንጀል አይደለም፤ አማና የሆነችውን ነፍስ መጠበቅ ነው።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ከጀማዓው የጠፋ፣ ስልክ የማያነሳ፣ ሳቁ የቀነሰ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት አለች። ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ፈትዋ አትስጡ፣ አትገሥጹ። አድምጡ፤ መልካም ሥራዋን አስታውሷት፤ ሐኪም ጋ ለመሄድ ከፈራች አብራችሁ ተሰለፉ።

አላህ የተጨነቁትን ልቦች ያረጋጋ፣ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስ፣ ለአገራችን ሰላሙን ይመልስ። ከሐሳብና ከትካዜ እንዲጠብቀን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘወትር ይለምኑ እንደነበረው እኛንም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።