ከተያዘ በኋላ የሚያርፍ ዱላ



የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ይባላል። ጌታችን የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ቤተ መቅደሱን ያጸዳበት ወንጌል የሚነበብበት ነው (ዮሐ. 2)። ይህን ይዘው «ጌታም ጅራፍ አንሥቷል፤ ታዲያ ፖሊስ ሌባ ቢገርፍ ምን አለበት?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በጎቹንና በሬዎቹን አስወጣ፤ የለዋጮቹን ገበታ ገለበጠ። ርግብ ሻጮቹን ግን ውሰዱልኝ ብሎ በቃል ነው ያዘዛቸው። እኔ ሳስበው ርግብ እንደ በሬ በጅራፍ አትነዳም፤ ከተመታች ሞተች ማለት ነው። ሰው ተመታ ተብሎም አልተጻፈም።

ነገሩ የልክ ነገር ነው። ቢላ መዝዞ ሚስቱን የሚያሳድድ ሰካራም «እባክህ ወንድሜ» ስለተባለ አይቆምም። ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የሚያዘው ሰው በኃይል ሲቃወም ወይም ሊያመልጥ ሲሞክር ፖሊስ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ እንዲይዘው ፈቅዷል። ተመጣጣኙ የቱ ነው? በክንድ ተለክቶ አልተሰጠም። ለዚያ ሌሊት፣ ለዚያ ፖሊስ ኅሊና ተተወ። እኛ በማግሥቱ ቡና ላይ ተቀምጠን «እንዲህ ማድረግ ነበረበት» እንላለን (ቡናው ላይ ከሐሜትም መጾም ነበረብን፣ እሱ ሌላ ነገር ነው)። እርሱ ግን የነበረው የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው። ስለዚህ በግብግቡ መካከል ስለተሰነዘረ ዱላ ለመፍረድ አልቸኩልም።

የማያከራክረው ሌላው ነው። ሰውየው ተይዞ፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ መሬት ላይ ቁጭ ካለ በኋላ የሚያርፍበት ዱላ። ያ ለመያዝ አይደለም፤ ተይዟልና። ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ የዳኛ ነው፤ ዛሬ ዳኛውም ግርፋት አይፈርድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ከጭካኔና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ማንኛውም ሰው ሲል ሌባውንም ይጨምራል። «ካልተመታ እንዴት ያወጣል?» ይባላል። ዱላ እኮ የሠራውን ብቻ አይደለም የሚያናግረው፤ ያልሠራውንም «ሠርቻለሁ» ያሰኘዋል።

ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው እኛስ ምን እናድርግ ሲሉት (ሉቃ. 3፥14) ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው። ግፉንና ደመወዙን አብሮ ማንሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዱላ አይቶ ኪሱን የሚከፍት ሰው እንዳለ ያውቅ ነበራ!

«እኔ ፖሊስ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። ገበያ መካከል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከብቦ «በለው! ስጠው!» የሚለው ታዲያ ማን ነው? ልጁ ተይዟል። ሞባይሉም ለባለቤቱ ተመልሷል። ፖሊሱ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጣቢያ ሊወስደው ሲል «ምነው፣ አታቀምሰውም እንዴ?» የምንለው እኛው ነን፤ ጠዋት ኪዳን አድርሰን የመጣነው። ፖሊሱም ወጣት ነው፣ ፈሪ መባልን ይፈራል። በአንድ እጁ ልጁን ይዟል፣ በሌላው ዱላውን፤ ዓይኑ ግን የእኛን አፍ ያያል።