ወደ ታጁራ ልትወርድ ነው አሉ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ወደ ጅቡቲዋ ታጁራ ለመውረድ ማሰብህን እናትህ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ባሕር ማየት ያማረው ሁሉ ዱባይንና ዛንዚባርን በሚያማትርበት ዘመን፣ አጠገባችን ያለውን፣ የሸዋ ሲራራ ነጋዴ በግመል ሲመላለስበት የኖረውን ዳርቻ መምረጥህ የአስተዋይ ሥራ ነው። ግን “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይባላልና መከራውን ልቅደመው ብዬ ነው።

አስቀድመህ ወሩን ምረጥ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ ጅቡቲ እሳት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊት ይገርፋል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነውና ያኔ ብንሄድስ ትሉ ይሆናል፤ ተዉት። ደህናው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣም ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ብቅ የሚለው በዚሁ ወቅት ነው። ሻርክ መባሉ አያስደንግጥህ፤ ምግቡ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። ባለጀልባው በሞተር ላሳድድላችሁ ቢል ግን እምቢ በሉት። ዋና ከቻላችሁም አትመኩ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የጉዞ ዕቅድህን አየሁት። አሳል ሐይቅ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ፣ የዳይ ደን፣ ሁሉም በጥቂት ቀን! “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም”። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው። ከዚያ ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ መሻገር አለ፤ ነፋስ ከበረታ ደግሞ ባሕሩ የሚለው እንጂ አንተ ያልከው አይሆንም። ስለዚህ ምንም ያልተያዘበት ቀን መሀል ላይ ተው። በዚያ ዳርቻ መጠበቅ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ገብቶ፣ ሲራራው ተነስቶ ወደ ሸዋ የወጣው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ሸሪኩ በመሀሉ ሞተበት። ያ ሁሉ ሰው የታገሠበት አገር ላይ አንተ ለአንድ ጀልባ ብትቆጣ ያስቃል።

በዕቅድህ ካሉት ቦታዎች አንዱን ምረጥ ካልከኝ ታጁራን እመርጥልሃለሁ። ነጫጭ ቤቶቿ፣ መስጊዶቿ፣ ከበስተኋላዋ የጎዳ ተራራ፤ ለዓይን ይበቃል። አሳልን ግን በመንገድህ እይ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የወረደ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው፤ አፋሮች ጨው እየቆረጡ ወደኛ ደጋ ሲጭኑ የኖሩት ከዚያ ነው።

ገንዘባችሁን ጅቡቲ ከተማ ላይ ወደ ፍራንክ ዘርዝሩ፤ ገጠሩ ውስጥ ካርድ አውጥቶ መቆም ዋጋ የለውም። ውል የምትገቡት በጠዋት ይሁን። ከእኛው አገር የሚሄደው ጫት እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ ከተማው ሥራውን ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና ወይም ጀልባ ልከራይ ማለት ራስን ማድከም ነው። ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑን አትርሱ። ጉዟችሁ ረመዳን ላይ ከዋለም ቀን ቀን ምግብ ቤት ዝግ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ብዙ እንግዳ በማይደርስበት ዳርቻ ሆቴል ሳይሆን ሰው ነው የሚያዘው። ካርታ የያዘ ስልክ ስላለህ መሪ አያስፈልገኝም አትበል። ውሃ የት እንዳለ፣ የትኛው አሸዋ መኪና እንደሚውጥ፣ የትኛው የባሕር ዳር ለዋና እንደሚፈቀድ የሚያውቀው አፋሩ ነው፤ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ክፍያውን ሳትሟገት ክፈለው። በሰፈሩ መሀል ገላን ገልጦ መዋኘት፣ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት የለም፤ “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ነውና ንቀት ይመስላል። ውሃ ደግሞ ይበቃኛል ካልከው በላይ ጫን። በዚያ መንገድ ውሃ ጥም የጨረሰው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የኛ ልጅ ነው።

የእነዚያ ልጆች የእግር መንገድ ኦቦክ ላይ ያበቃል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 በውል የያዟት ይቺ ትንሽ ወደብ፣ ዛሬ ወደ የመን ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት በእግሩ የወረደ ኢትዮጵያዊ የሚሳፈርባት ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከዚያው በስተሰሜን ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተራ በተራ ሰጥመው ስንቱ ወገናችን አለቀ። አንተ ለሽርሽር በሄድክበት ጎዳና ላይ እኩያህ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥሎ ሲሄድ ታገኘዋለህ። በሰው ቁስል እንጨት አትስደድ፤ ካሜራህን አስቀምጥ። በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም፣ በምትችለው ሰላም በለው። ውሃ ስጠው፤ ፈቃዱ ከሆነም ስልክህን አውሰውና እናቱ ጋ ይደውል።